የጠላቱን ኮቴ እየሰማ የሚስቱን ድምፅ የማይሰማው ባል

 

በዚህ ገጽ ስለ ቅናት አውርተናል፤ ስለ ጥሎሽ አውርተናል፤ አማት ስለሚያምሰው ትዳርም ብዙ ብለናል። የዛሬው ወሬያችን ግን ስለ ገመድ ነው። አዎ፣ ስለ ገመድ! አትሳቁ። ዘመን ሲለወጥ የጠብ መነሻም አብሮ ይለወጣል። ድሮ ሚስት «የት አምሽተህ ነው?» የምትለው ባል ከውጭ ሲገባ ነበር። ዛሬ ደግሞ ባል እዚያው ሳሎን ተቀምጦ «የት ነህ?» ይባላል። አካሉ ቤት ነው፤ ጆሮው ግን ጌሙ ውስጥ ከወታደር ጋር ይታኮሳል!

እናላችሁ፣ ዛሬ ሁለት ነገር አብረን እናያለን። አንደኛው፣ ኮምፒዩተርን ከብዙ ስፒከር ጋር እንዴት በትክክል ማገናኘት እንደሚቻል ነው። ሁለተኛው፣ በትክክል አለማገናኘት ትዳር እስከ መነቅነቅ እንዴት እንደሚደርስ ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ከመሰላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

«ቦርሳዬን እናቴ ቤት ልኬዋለሁ»

ልጅቷ ነርስ ናት። ዕድሜዋ 25 ነው። ባሏ በሁለት ዓመት ይበልጣታል፤ ከሰዓት በኋላ እየገባ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይሠራል። ከተጋቡ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው በኩል፣ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ግድግዳቸው ቺፕውድ ነው። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሸማኔ ጋሼ አሉ፤ መወርወሪያቸው ኳ ኳ ሲል ይውላል። አከራያቸው እማማ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው።

ባልየው ጌም ይወዳል። ምን መውደድ ብቻ! በተለይ እነ ካውንተር ስትራይክን የመሰለውን፣ ግድግዳ ተጠግቶ ኮቴ እያዳመጡ የሚተኩሱበትን ዓይነት። ብር አጠራቀመና አንድ ያገለገለ ባለ ስድስት ሳጥን ስፒከር ገዛ። አምስቱ ትንንሽ ናቸው፤ አንዱ ያ ወለል የሚያንቀጠቅጠው ትልቁ ነው።

ጣጣው ሰዓቱ ላይ ነው። እሷ የማታ ተረኛ ስትሆን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ እግሯን እየጎተተች ትገባለች። እሱ ሥራ የሚገባው 8 ሰዓት ስለሆነ የጨዋታ ሰዓቱ ጠዋት ነው። እሷ ልተኛ ስትል እሱ ተኩስ ይከፍታል።

«ወንድሜ፣ ስንቴ ለመንኩት መሰለህ» አለችኝ። «ቀንስ ስለው ይቀንሳል። አሥር ደቂቃ ሳይቆይ መልሶ ይጨምረዋል። እንቅልፍ ሳልተኛ ተመልሼ ሥራ እገባለሁ። አንድ ቀን የበሽተኛ መድኃኒት ብሳሳትስ? ማን ሊጠየቅልኝ ነው? ደግሞ ስጠራው አይሰማም። ሦስቴ አራቴ ስሙን ጠርቼ ዝም ሲለኝ ልብሴን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ቀጨኔ እናቴ ቤት ላክሁት። ቦርሳዬን ልከተለው ወይስ ልቆይ?»

ወይ ጉድ! «ተለዪው» ማለት ለአፍ ይቀላል። እኔን ግን አንድ ነገር አላስኬድ አለኝ። ሰውየው ሲለመን ይቀንሳል፤ ከዚያ መልሶ ይጨምራል። ንቀት ቢሆን መጀመሪያውኑ ለምን ይቀንሳል? «ከመፍረዴ በፊት ገመዱን ልየው» አልኳት። ደነገጠች። ትዳሬን አድን ስትለው ገመድ ልይ የሚል አማካሪ ገጥሟት አያውቅማ!

ጩኸት ሌላ፣ አቅጣጫ ሌላ

ቤታቸው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ሰራውንድ ማለት ዙሪያውን የሚከብ ድምፅ ማለት ነው። ብዙ ልጆች ግን ሰራውንድ ሲባል ጩኸት ይመስላቸዋል። በፍጹም!

ጉለሌ ያደገ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። ሌሊት ከእንጦጦ በኩል ጅብ ሲጮህ አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ ከየት አቅጣጫ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ለምን? ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮ ጋ ቀድሞ ይደርሳል፤ ግራው ጋ ዘግየት ብሎ፣ ደከም ብሎም ይደርሳል። መዘግየቱ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ያንሳል፤ አንጎላችን ግን ይቺን ታህል ጊዜ እንኳ አያልፋትም። ፊትና ኋላውን ለመለየት ደግሞ የጆሯችን ቅርፅ ያግዘናል። ጅቡ ሩቅ ነው፤ ድምፁም ቀጭን ነው። አቅጣጫው ግን አይጠፋንም።

የሰራውንድም ሥራ ይኸው ነው። «5.1» ሲባል ስድስት የተለያዩ የድምፅ መስመሮች አሉ ማለት ነው። ሁለቱ ከፊት ግራና ቀኝ፣ አንዱ ከፊት መሐል፣ ሁለቱ ከኋላ ግራና ቀኝ ናቸው። «.1» የምትባለው ወፍራሙን ድምፅ ለብቻው የሚያወጣው ትልቁ ሳጥን ናት። ስድስቱ ስድስት ነገር ይናገራሉ። ጠላት ከኋላ በግራ ሲመጣ የኋላው ግራ ይናገራል፤ የፊቱ ቀኝ ዝም ይላል። የጌሙ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ይሄ ነገር ትናንት የመጣ አይደለም። የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተር የተባለውን ካርዱን ያወጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሳውንድ ብላስተር ላይቭ ደግሞ ለጌም ተጫዋች አራት ስፒከር ማናገር ቻለ። ዛሬ ብዙ ዴስክቶፖች ለብቻው የሚገዛ ካርድ እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ስድስቱን መስመር የሚያወጣው ነገር ማዘርቦርዱ ላይ ተሠርቶ ይመጣል። ሰው ግን ከጀርባው ያለውን ቀዳዳ አያይም፤ ኮምፒዩተሩ ሁሌም ግድግዳ ተጠግቶ ነዋ የሚቀመጠው!

አቧራ የጠጡት ሁለት ቀዳዳዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። እማማ በር ላይ ተቀበሉኝና «አንተ ነህ ያን ነጎድጓድ የምትሠራው? ልጄ፣ ብታጠፋልን ይሻለናል» አሉኝ። ጋሼም ከወዲያ ማዶ «እኔ ድምፁን አይደለም የምሰማው፤ ግድግዳውን ነው» አሉ። ይቺን የጋሼን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ኮምፒዩተሩን ከግድግዳው ሳብ አድርገን ጀርባውን አየነው። ስድስት ቀዳዳዎች አሉ። አረንጓዴው ላይ አንድ ገመድ ተሰክቷል። ያ ገመድ አንዱን ለሦስት በሚያከፋፍል ማከፋፈያ በኩል የስፒከሩን ሦስቱንም መግቢያ ሞልቷል። ጥቁሩና ብርቱካንማው ቀዳዳ ግን ባዶ ናቸው። አቧራ ጠጥተዋል።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ተገለጠ። አረንጓዴው ቀዳዳ የሚያወጣው የፊት ግራንና የፊት ቀኝን ብቻ ነው። እሱን ለሦስት ብታከፋፍሉት የምታገኙት ያንኑ ሁለት ድምፅ ሦስት ቦታ ነው። የኋላው ስፒከር የፊቱን ወሬ ይደግማል እንጂ የራሱ ወሬ የለውም። ከኋላ በግራ የመጣ ኮቴ ከፊትም ከኋላም እኩል ይሰማል። ልጁ ታዲያ አቅጣጫው አልለይ ሲለው ምን ያደርጋል? ድምፅ ይጨምራል! ቢጨምርም አይለይለትም፤ ደግሞ ይጨምራል። ሚስቱ ስትለምነው ቀንሶ አሥር ደቂቃ ሳይቆይ የሚመልሰው ለዚህ ነበር። ኮቴ ፍለጋ ነው!

ያደረግነው ይኸው ነው፤ እናንተም ሞክሩት።

በመጀመሪያ ሁሉንም አጠፋን። ማከፋፈያውን አወጣነው። ሦስት የተለያዩ ገመዶች ወሰድን። አረንጓዴውን ቀዳዳ ከፊት መግቢያው፣ ጥቁሩን ከኋላ መግቢያው፣ ብርቱካንማውን ከመሐልና ከትልቁ ሳጥን መግቢያ ጋር አገናኘን። ግራጫው የ7.1 የጎን ስፒከሮች ነው፤ ለ5.1 ተዉት። ሮዙ የማይክ ነው። ውሃ ሰማያዊው ከውጭ ድምፅ ማስገቢያ ነው።

ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ የድምፅ ማስተካከያውን ከፍተን፣ ፕሌይባክ በሚለው ሥር ስፒከሩን መረጥንና ኮንፊገር የሚለውን ነካን። ስቴሪዮ ይል የነበረውን 5.1 ሰራውንድ አደረግነው። ገመዱ ትክክል ሆኖ ይሄ ካልተቀየረ የኋላዎቹ ስድስት ወር ቢጠብቁ አይናገሩም! በመጨረሻም ጌሙ ውስጥ ገብተን የድምፅ መውጫ ምርጫ ካለው ከሄድፎን ወደ 5.1 ቀየርነው።

ቴስት የሚለውን ስንነካ ስድስቱ ተራ በተራ ይናገራሉ። ልጅቷ መሐል ላይ በርጩማ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ተራው የኋላው ቀኝ ሲደርስ ዞር ብላ በሩን አየችው። ሰው የገባ መስሏት! ባልየው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። አብረው ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ጌሙን ከፈተ። ከግማሽ በላይ ዞሮ ይውል የነበረው የድምፅ መቆጣጠሪያ ሩብ ላይ ሆኖ ኮቴው ከየት እንደሚመጣ ለየ። «በቃ ይሄ ነበር?» አለ። ይሄ ነበር።

ስትገዙ ጀርባውን አዙሩት

ስድስት ሳጥን ያለው ሁሉ 5.1 አይደለም። ሻጩ ፊቱን ሲያሳያችሁ እናንተ ጀርባውን አዙሩት። ሦስት የጃክ ቀዳዳ፣ ወይም ስድስት ክብ መግቢያ ካለው እውነተኛ ነው። አንድ ቀይና አንድ ነጭ ብቻ ካለው ግን ሳጥኑ አሥር ቢሆን ከኮምፒዩተሩ የሚቀበለው ሁለት ድምፅ ነው። ለሙዚቃ ይሆናል፤ ለኮቴ ግን አትክፈሉበት።

የኮምፒዩተራችሁ ጀርባ ሦስት ቀዳዳ ብቻ ካለውስ? ተስፋ አትቁረጡ። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የድምፁን ሶፍትዌር 5.1 ስታደርጉት ውሃ ሰማያዊው የኋላ፣ ሮዙ የመሐልና የትልቁ ሳጥን መውጫ ይሆናሉ። ማይኩን ከፊት በኩል ባለው ቀዳዳ ትሰካላችሁ። ላፕቶፓችሁ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው ግን በዩኤስቢ የሚሰካ፣ 5.1 የሚያወጣ የውጭ ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋችኋል።

ከድሮ ቴፕ የተነቀለ ስፒከር ያላችሁም አላችሁ። የሳውንድ ካርድ ጉልበት ደካማ ነው፤ እሱን በቀጥታ አያንቀሳቅሰውም። መሐል ላይ አምፕሊፋየር ይፈልጋል።

በብርሃን የሚሠራውን ኦፕቲካል ገመድ አይታችሁ «ዘመናዊ ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ። ያ ገመድ ሳይታመቅ የሚያሳልፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው። የጌም 5.1 በእሱ የሚያልፈው ካርዱ ዶልቢ ዲጂታል ላይቭ ወይም ዲቲኤስ ኮኔክት የሚባለው ካለው ነው። ኤችዲኤምአይ ግን እስከ ስምንት መስመር ያደርሳል፤ ሪሲቨር ያለው ሰው በእሱ ቢያገናኝ ይገላገላል።

ሁሉም ተገናኝቶ የሰው ንግግር ከትልቁ ሳጥን፣ ነጎድጓዱ ከመሐለኛው ከወጣ አትደንግጡ። ሁለቱ ተቀያይረዋል። ክብ መግቢያ ያለው ከሆነ የብርቱካንማውን ቀይና ነጭ አቀያይሩ፤ ካልሆነም ሶፍትዌሩ ውስጥ መቀያየሪያ አለ።

ጠባብ ቤት፣ ቀጭን ግድግዳ

በመጽሐፍ አቀማመጥ የፊቶቹ ግራና ቀኝ ከአፍንጫችሁ መስመር 30 ዲግሪ ገደማ፣ የኋላዎቹ 110 ዲግሪ ገደማ ይሆናሉ። ማለትም የኋላዎቹ ከትከሻችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ናቸው እንጂ ማጅራታችሁ ላይ አይደሉም። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ማን ዲግሪ ይለካል? ዋናው ነገር ቁመታቸው ጆሯችሁ አካባቢ ይሁን፤ ርቀታቸውም ይቀራረብ። አንዱ ከቀረበ እሱን ቀነስ አድርጉት።

አሁን ወደ ጋሼ ቃል ልመልሳችሁ። «ግድግዳውን ነው የምሰማው» ያሉት እውነታቸውን ነው። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ሲያገኝ ይዳከማል፤ ወፍራሙ ግን ግድግዳውንና ወለሉን ራሱን ይዞ ይንቀጠቀጣል። ትልቁ ሳጥን ጥግ ተወሽቆ ሲቀመጥ ደግሞ ይብስበታል። እኛ ከጥጉ አውጥተን ወፍራም ስፖንጅ ላይ አስቀመጥነውና የቤዙን ቁልፍ ወደ ታች አወረድነው። ጋሼ ከወዲያ «ኧረ አሁን የራሴን መወርወሪያ ሰማሁት!» አሉ።

ጎረቤት ሲያማርር «ቤቴ ነው!» የምትሉ አላችሁ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የድምፅ ብክለትንም ይመለከታል። ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የሰው ተራ ወሬ 60 ገደማ መሆኑን ስታስቡት ልኩ ይገባችኋል።

ስለ ራሳችሁ ጆሮም ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤልን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቅዳል። ሦስት ዴሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር የተፈቀደላችሁ ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 90 ላይ ስትደርሱ በሳምንት የቀራችሁ አራት ሰዓት ብቻ ነው! ከጨዋታ በኋላ ጆሯችሁ ጭው የሚል ከሆነ አልፋችኋል ማለት ነው። ጆሮ እንደ ስፒከር ያገለገለ አይሸጥም።

«እኔን የሚሰማኝ በየትኛው ቀዳዳ ነው?»

ገመዱ ተስተካከለ። ድምፁ ቀነሰ። እኔም ቡናዬን ጠጥቼ ልወጣ ስል ልጅቷ አንድ ነገር ተናገረች። ለባሏ ነው የተናገረችው።

«እሺ፣ ጠላትህን በጥቁሩ ቀዳዳ ሰማኸው። እኔን የምትሰማኝ በየትኛው ቀዳዳ ነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ አቀረቀረ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ጋ የሚሰካ ገመድ አልነበረኝም። ግን የሰውን ትዳር አይቶ ዝም ማለትም አይሆንም። «እስቲ ሰዓታችሁን ንገሩኝ» አልኳቸውና ወረቀት ላይ ጻፍነው። እሷ የማታ ተረኛ በሆነች ሳምንት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሁለቱም ነቅተው የሚገናኙበት አንድም ሰዓት አልነበረም። እሷ ስትነሳ እሱ በር እየወጣ ነው። አንድ አልጋ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቶች!

የተስማሙት እንዲህ ነው። እሷ በተኛችበት ጠዋት ስፒከሩ አይከፈትም፤ በሄድፎን ይጫወታል። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ዊንዶውስ ሶኒክ የሚባል ነገር አላቸው፤ በተራ ሄድፎን ላይ የፊትና የኋላን ስሜት ይሰጣል፤ ክፍያም የለውም። ሲጫወት አንድ ጆሮውን ገለጥ አድርጎ እንዲይዝ እሷ ጠየቀች፤ «እሱማ ኮቴ ያሳጣኛል» አለ። ተከራከሩ። በኋላ በ6 ሰዓት ተኩል ስልኩ ላይ ደወል ሞላ፤ ደወሉ ሲጮህ ጌሙ ያበቃል፤ ምሳ አብረው ይበላሉ፤ ከዚያ ሥራው ይሄዳል። ስድስቱም ስፒከር የሚከፈተው እሷ ስትነቃና ስትፈቅድ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለችልኝ። «እንዴት ነው ታዲያ?» አልኳት።

«እንቅልፍ ተኝቻለሁ» አለች። «ደወሉን ሁለት ቀን ዘሎታል። ሌላውን ቀን ጠብቋል። ቦርሳዬን ከእናቴ ቤት አምጥቻለሁ።»

«ደስ ይላል!»

«ዚፑን ግን ገና አልከፈትኩትም» አለችና ዘጋች።

እኔም አልቸኩልባትም። ቦርሳ የሚፈታው ሁለት ቀን የተዘለለው ደወል ዳግመኛ ሳይዘለል ሲቀር ነው።

እናንተስ?

እንግዲህ የምታጫውት ኮምፒዩተር ያለቻችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ከግድግዳው ሳብ አድርጓትና ጀርባዋን እዩ። ቀዳዳውን ከቀለሙ አዛምዱ። ስቴሪዮ የሚለውን 5.1 አድርጉ። ከዚያ ቴስት በሉት፤ ስድስቱም ተራ በተራ ይናገሩ። ድምፁን ቀንሱትና ደግማችሁ ሞክሩ፤ አቅጣጫው ከተለየላችሁ ያ ልካችሁ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለጌሙ ምንም አይጨምርም፤ የጎረቤትን እንቅልፍ ግን ይወስዳል።

እንዲሁም ትዳር ያላችሁ፣ እጮኛ ያላችሁ፣ ከእናታችሁ ጋር የምትኖሩም፣ አንድ የመጨረሻ ሙከራ አለቻችሁ። ጨዋታው መሐል ላይ እያላችሁ ከጓዳ አንድ ጊዜ ስማችሁ ይጠራ። «አቤት!» ካላችሁ ድምፁ ልክ ነው ማለት ነው። ካላላችሁ ደግሞ መቆጣጠሪያው ወደ የት እንደሚዞር አሁን ታውቁታላችሁ።

ቸር ያሰማን!